ከ2ኢ ወደ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ከተቀየረ በኋላ ሚኒሞ አልረጋ አለ፤ የሴንሰር ሽቦ ጉዳይ ይሆን?

የጉለሌው ኮሮላ፦
ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ፣ ኢኢ90 ነው። የነበረው ባለካርቡሬተር 2ኢ ሞተር ወጥቶ በምትኩ ከገልፍ አገሮች የመጣ ያገለገለ 4ኤ-ኤፍኢ ገብቶለታል። ሞተሩ የወጣው ከኤኢ101 አውቶማቲክ ኮሮላ ላይ ነው። ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) እና የሞተር ክፍሉ ሽቦ አብረው መጥተዋል፤ ሽቦው ግን ወደ ዳሽቦርድ በሚገባበት በኩል የተቆረጠ ነበር። ካምቢዮው ለብቻው ተፈልጎ የተገጠመ ማንዋል ነው። መሪው ፓወር አይደለም። የቤንዚን ፓምፑ ታንከሩ አጠገብ የታሰረ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው።

የሜካኒክ ሥራው ጥሩ ነው፤ ሞተሩ ቦታውን ይዟል፣ አይንቀጠቀጥም፣ ዘይት አይጥልም። ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ሲነሳ እግሬን ከቤንዚን መስጫው ላይ ካነሳሁ ይጠፋል። ከሞቀ በኋላ ደግሞ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዙሩ በደቂቃ ወደ 1,900 ይወጣል፣ ወደ 1,100 ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። የፊት መብራት ሳበራ ዝቅ ይልና ሊጠፋ ይደርሳል። የሙቀት ጌጁ ከታች አይነሳም። የራዲያተሩ ፋን ቁልፉ ከተከፈተ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል። ሽቦውን ያገናኘው ባለሙያ «ኢሲዩው ተበላሽቷል፣ ሌላ አምጣ» ብሎኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ልምድ ያላችሁን መጠየቅ መረጥኩ።

ፈጣን ጥገና፦
ወንድሜ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ሚኒሞ የሚኒሞ ቫልቭ በሽታ ነው። ስሮትል ቦዲው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት በር) ሥር ያለውን ቫልቭ ቀይር። ካልሆነ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን ማፕ ሴንሰር ቀይር። ሁለቱም ሶማሌ ተራ አይጠፉም። ያም ካልሠራ ባለሙያህ እንዳለው ኢሲዩው ነው።

የድሮ መካኒክ፦
አትግዛ። ምንም ዕቃ አትግዛ። ሞተሩ ከዚያኛው መኪና ላይ ሲወጣ ይሠራ ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የተነካው ሽቦውና የአየር ቱቦው ነው፤ በሽታውም የሚፈለገው እዚያው ነው። ኢሲዩ በራሱ የሚያየው ነገር የለውም፣ ሽቦ ያመጣለትን ቮልት አምኖ ይሠራል። የተሳሳተ ቮልት ካመጣህለት አዲሱም ኢሲዩ ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

በመጀመሪያ ኮዱን አንብብ። ኮፈኑ ሥር ያለውን የምርመራ ሳጥን ክፈትና ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥርልሃል፤ በመጀመሪያ አሥሮቹን፣ ጥቂት ቆም ብሎ አንዶቹን። ኤርኮንዲሽኑ ይጥፋ፣ እግርህ ከቤንዚን መስጫው ላይ ይነሳ። የምታየውን ጻፍልን። ቴስተር ከሌለህ ተዋስ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በቴስተር ነው።

ሻርጃ ያለሁት፦
እዚህ ያገለገለ ሞተር ሲፈታ ስለማይ አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር አውራጆቹ የሚሠሩት በጥድፊያ ስለሆነ ሽቦውን በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ካለው ግድግዳ ሶኬት አይነቅሉትም፣ በመቁረጫ ይበጥሱታል። ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ጋር ይገናኙ የነበሩት ገመዶች አዲስ አበባ ሲደርሱ በግምት ነው የሚቀጠሉት። የገመድ ቀለም አይታመንም፤ የኢኢ90 ገላ ሽቦ ቀለምና የኤኢ101 ሽቦ ቀለም አንድ አይደለም። የሚታመነው ከኢሲዩው እግር እስከ ሴንሰሩ ጫፍ በቴስተር የተለካ ገመድ ብቻ ነው።

ደግሞ ኢሲዩው የአውቶማቲክ ነው ብለሃል። ይህን አትርሳው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

የጉለሌው ኮሮላ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ኮዱን አነበብኩ፤ 22 እና 51 እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ኤርኮንዲሽኑ ጠፍቷል፣ እግሬም አልነካም።

ሰላም ቴስተር፦
22 የሞተር ውኃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ነው። 51 ደግሞ ብልሽት ማለት ላይሆን ይችላል፤ ኤርኮንዲሽን ሲበራ፣ ቤንዚን መስጫ ሲረገጥ ወይም አውቶማቲክ ማርሽ ላይ ነኝ የሚል ምልክት ሲደርሰው ይመጣል። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

በ22 ልጀምር፣ የጠዋቱን መጥፋት እሱ ይነግረናልና። ቶዮታ ኢሲዩ ከውኃ ሙቀት ሴንሰሩ የሚመጣው ቮልት ከሚጠበቀው ወሰን ውጭ ከሆነበት ሴንሰሩን ይተወውና ውኃው 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይሠራል። ሞተሩ በአዲስ አበባ ብርድ አድሮ ሳለ ኢሲዩው የሞቀ ሞተር የሚበቃውን ቤንዚን ብቻ ይሰጠዋል፣ የሚኒሞ ቫልቩንም ለቀዝቃዛ ሞተር አይከፍትለትም። እግርህን ስታነሳ የሚጠፋው ለዚህ ነው። በራሱ ከሞቀ በኋላ ግምቱ እውነት ስለሚሆን ይኸኛው ችግር የጠፋ ይመስላል።

በዚህ ሞተር ላይ ውኃውን የሚነኩ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች አሉ፤ ባለሙያዎችም የሚያምታቷቸው እነዚህን ነው። ባለሁለት እግሩ የኢሲዩ ሴንሰር ነው፤ አንደኛው እግሩ ቲኤችደብልዩ ወደተባለው፣ ሌላው ኢ2 ወደተባለው (የሴንሰሮቹ ግራውንድ) የኢሲዩ ጫፍ ይሄዳል። ባለአንድ እግሩ ለዳሽቦርዱ ጌጅ ብቻ ነው፣ ኢሲዩውን አያውቀውም። ሦስተኛው የራዲያተሩን ፋን የሚያዝ ማብሪያ ነው።

የኢሲዩውን ሴንሰር ሶኬት ነቅለህ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ኦም ለካ። ውኃው 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ሲሆን ከ200 እስከ 400 ኦም መስጠት አለበት። ከዚያ ቁልፉን ክፈትና በተነቀለው ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ቮልት ለካ፤ 5 ቮልት ገደማ ካላገኘህ ገመዱ ሌላ ቦታ ደርሷል ማለት ነው።

ስለ ፋኑ ደግሞ፣ በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ የፋኑ ማብሪያ ውኃው ቀዝቃዛ ሳለ የተገናኘ፣ ሲሞቅ የሚለያይ ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ወይም ሶኬቱ ካልተሰካ ፋኑ ያለማቋረጥ ይሠራል። ሞተሩ ግሎ አይደለም፣ አትስጋ። ሶኬቱን ብቻ ፈልግ።

የጉለሌው ኮሮላ፦
እህቴ ሰላም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ በቀዝቃዛ 2.4 ኪሎ ኦም አገኘሁ። ሶኬቱ ላይ ግን 5 ቮልት የለም፣ ወደ 9 ቮልት የሚጠጋ ነው ያለው፤ እሱም አይረጋም። ናስትሮውን ፈትቼ ተከተልኩት። የኢሲዩው ገመድ ወደ ዳሽቦርድ ጌጅ ከሚሄደው አሮጌ ገመድ ጋር ተጠማዝሞ ታስሯል። ባለአንድ እግሩ ሴንሰር ምንም ሳይሰካበት ባዶውን ተቀምጧል።

ሰላም ቴስተር፦
እንግዲያው ሁለቱም ችግሮች አንድ ቦታ ተገኙ። ጌጁ የራሱን ኤሌክትሪክ ወደ ሴንሰሩ ይልካል። ያ ቮልት በኢሲዩው መስመር ላይ ሲደረብ ኢሲዩው ከ5 በላይ ያይና «ገመዱ ተበጥሷል» ብሎ 22 ይጽፋል። ጌጁ በበኩሉ የሚጠብቀው በጣም አነስተኛ ኦም ያለውን የራሱን ሴንሰር ስለሆነ በኪሎ ኦም ከሚቆጠር ሴንሰር ጋር ታስሮ ፈጽሞ ሊነሳ አይችልም።

ለያያቸው። የጌጁን ገመድ ባለአንድ እግሩ ላይ ስካው። የኢሲዩውን ገመድ ለብቻው በሊድ በይደህ በሙቀት በሚጠብቅ መሸፈኛ ሸፍነው፤ በእጅ የተጠማዘዘ ሽቦ በሞተር ሙቀት ላይ አይቆይም። ከዚያ የኢኤፍአይ (የቤንዚን ኢንጀክሽኑን) ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ ነቅለህ መልስ፣ ኮዱ ይጠፋል። እውነተኛ ብልሽት ካለ ተመልሶ ይመጣል።

የጉለሌው ኮሮላ፦
22 ጠፍቶ አልተመለሰም። ዛሬ ጠዋት ያለእግር ተነሳና ከ2,000 ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ፤ እየሞቀ ሲሄድ ዙሩ ወረደ። ጌጁም መሐል ላይ ደርሶ ቆሟል። የፋኑም ሶኬት ከባትሪው ሥር ተገኝቶ ተሰካ፣ አሁን በሰዓቱ ይነሳል። ልቤ በጣም ተደስቷል።

ከሞቀ በኋላ ያለው ከፍ ዝቅ ግን እንዳለ ነው። ማፕ ሴንሰሩን ለካሁት፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ በፒአይኤም (የማፕ ሴንሰሩ ምልክት መስመር) እና በኢ2 መካከል 2.85 ቮልት ይሰጣል። መጽሐፉ ከ3.3 እስከ 3.9 ይላል። ዕቃ ሻጩ «ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። እውነት ሞቷል?

ፈጣን ጥገና፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከመጽሐፉ ወሰን በታች ነው፣ ይቀየር።

ሰላም ቴስተር፦
እባክህ አትቀይረው። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ መኪና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚገፋ ከሆነ እዚህ የሚገፋው 570 ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሴንሰር ደግሞ ግፊቱ በ100 ሚሊ ሜትር በቀነሰ ቁጥር 0.4 ቮልት ያህል ይቀንሳል። ከ3.6 ተነስተህ ወደ 190 ሚሊ ሜትር ውረድ፤ የምትደርሰው 2.85 አካባቢ ነው። ሴንሰርህ የከተማችንን አየር በትክክል እየነገረህ ነው።

ሻርጃ ያለሁት፦
ይህን አንብቤ የራሴን ኤኢ101 ለካሁት፤ እዚህ ባሕሩ አጠገብ 3.6 ይሰጣል።

ድሬ ከዚራ፦
እኔም ወጥቼ ለካሁ። ድሬዳዋ ላይ የእኔ 4ኤ-ኤፍኢ 3.2 ነው። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በሁለታችሁ መካከል ወደቀች ማለት ነው። ስንት ጤነኛ ሴንሰር በዚህ ምክንያት ተጥሎ ይሆን? ይህን መልስ ለእኛ ጋራዥ አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

የድሮ መካኒክ፦
ሰላም፣ ተባረኪ። ለዓመታት በእጅ የማውቀውን በቁጥር አስቀመጥሽልኝ። የቫኪዩም መለኪያ ለሚጠቀሙም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፍ ከ18 እስከ 20 ኢንች ሲል አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር 12 ወይም 13 ቢሰጥ የፒስተን ቀለበት አለቀ ተብሎ ሞተር አይወርድም።

አሁን ወደ ከፍ ዝቁ። ልጄ፣ ከ1,900 ወርዶ 1,100 ላይ ተመልሶ የሚነሳ ዙር የኢሲዩ ሥራ እንጂ ብልሽቱ አይደለም። ቁልቁለት ስትወርድ እግርህን ከቤንዚን መስጫው ላይ ስታነሳ ኢሲዩው ቤንዚን ይቆርጣል፣ ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል። ያን የሚያደርገው ሁለት ነገር ሲገጣጠም ነው፤ ስሮትሉ ተዘግቷል የሚል ምልክት ከስሮትል ሴንሰሩ አይዲኤል እግር ሲደርሰውና ዙሩ ለተዘጋ ስሮትል ከሚገባው በላይ ሲሆን። ያንተ ሞተር ቆሞ ሳለ ቁልቁለት የሚወርድ መስሎታል። ስሮትሉ ዝግ ነው፣ አየር ግን በሌላ በር እየገባ ነው።

ሲቀዘቅዝ የማይታየው ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተር ስለሚከብድ ነው፤ ኢሲዩውም ለቀዝቃዛ ሞተር የቤንዚን መቁረጫውን ወሰን ከፍ ያደርገዋል።

ይህን ለማረጋገጥ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰዓት የስሮትል ሴንሰሩን ሶኬት ንቀል። ከፍ ዝቁ ቆሞ ዙሩ ከላይ ከቀረ በሽታው ትርፍ አየር ነው።

ፈጣን ጥገና፦
ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ቀላል መፍትሔ አለ። የሚኒሞ ቫልቩን ፈትቶ በመካከሉ ቆርቆሮ መደፈንና ሚኒሞውን በስሮትሉ ማቆሚያ ብሎን ማስተካከል ነው። ብዙ መኪና ላይ ተሠርቷል።

የድሮ መካኒክ፦
ብዙ መኪና ላይ ተሠርቷል፣ ብዙ መኪናም ተበላሽቷል። ቫልቩን ስትደፍን ጠዋት የሚያስነሳውን፣ ኤርኮንዲሽን ሲበራ የሚደግፈውን፣ ዲናሞው ሲከብድ ዙሩን የሚይዘውን ታጠፋለህ። የማቆሚያውን ብሎን ስትነካ ደግሞ አይዲኤል ዝግ ነው ማለቱን ይተዋል፣ የእሳት ጊዜ ማስተካከያውም ይዛባል። ያ ብሎን ከፋብሪካ ሲወጣ በቀለም የተዘጋው እንዳይነካ ነው። ሰው መኪናውን አምኖ ለሚሰጠው ባለሙያ እንዲህ ዓይነት ሥራ አይገባም። በሽታው እያለ ምልክቱን መደበቅ ነው፤ ሌላው ባለሙያ ነገ ሲከፍተው መንገዱ ጠፍቶበት ይውላል። ቫልቩ ቆሽሾ ከሆነ ይታጠብ፤ በመካከለኛው እግርና በሁለቱ ዳር እግሮች መካከል ወደ 20 ኦም ገደማ፣ ሁለቱም እኩል ከሰጡ ጥቅሎቹ ደህና ናቸው።

የጉለሌው ኮሮላ፦
ጋሼ እንዳሉት የስሮትል ሴንሰሩን ሶኬት ነቀልኩ፤ ከፍ ዝቁ ወዲያው ቆሞ ዙሩ 1,900 ላይ ቀረ። መልሼ ስሰካው ጀመረ። አይዲኤልንም ለካሁ፤ ሲዘጋ 0፣ በትንሹ ሲከፈት 12 ቮልት። ቪቲኤ (የስሮትሉ መከፈት መጠን ምልክት) ሲዘጋ 0.5፣ እስከ መጨረሻ ሲከፈት 4 አካባቢ።

ሰላም ቴስተር፦
የስሮትል ሴንሰሩ ቁጥሮች ሁሉ ትክክል ናቸው። አየሩን ፈልግ። እያንዳንዱን የጎማ ቱቦ በፒንሳ ጨርቅ አስገብተህ ቆንጥጥ፤ የፍሬን ሰርቮውን፣ ከቫልቭ ክዳኑ የሚመጣውን። ዙሩ የወረደበት ቱቦ ላይ ቁም። የሚኒሞ ቫልቩን የአየር መግቢያ ስትደፍን ዙሩ ካልወረደ ቫልቩ ቀድሞውኑ ተዘግቷል ማለት ነው፣ አየሩም በሌላ በኩል ነው።

አንድ ነገር ልብ በል፤ ይህ ሞተር አየሩን የሚለካው በማኒፎልድ (ከስሮትሉ በኋላ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ግፊት ነው። ስለዚህ የሚያሾልክ አየር ሞተሩን አያደኸየውም፣ ማፕ ሴንሰሩ ያየዋልና ኢሲዩው ቤንዚን ይጨምርለታል። ለዚህ ነው ከመንገጫገጭ ይልቅ ዙሩ የሚጨምረው።

ሻርጃ ያለሁት፦
መሪው ፓወር አይደለም ማለትህን አሁን አስተዋልኩ። እዚህ ገልፍ ውስጥ የማያቸው ኤኢ101ዎች ፓወር መሪ አላቸው። በፓወር ፓምፑ ላይ መሪ ሲጠመዘዝ ሚኒሞ የሚያነሳ ትንሽ የአየር ቫልቭ አለ፤ ሁለት ቀጭን ቱቦዎች አሉት፣ አንዱ ከስሮትሉ በፊት፣ ሌላው ማኒፎልዱ ላይ። ፓምፑ ሲወጣ የማኒፎልዱ ጫፍ ምን ተደረገበት?

የጉለሌው ኮሮላ፦
ተገኘ! ማኒፎልዱ ከኋላ በኩል፣ ግድግዳው ጎን፣ በመስታወት ካልሆነ የማይታይ ጫፍ አለ። በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተጠቅልሎ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ላስቲኩ በሙቀት ደርቆ ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል፤ ጣቴን ስጭንበት ዙሩ ወዲያው ወደቀ። የናስ መድፈኛ ቶርኖ ቤት አስቀርጬ በአዲስ ቱቦና ፋሸታ አሰርኩት። ከስሮትሉ በፊት ያለውንም ጫፍ ደፈንኩ።

አሁን ሞቆ 800 ላይ ይቆማል። ከፍ ዝቅ የለም። ሁለት ነገር ቀረኝ፤ 51 ቁጥሩ አሁንም አለ፣ የፊት መብራት ሳበራ ደግሞ አሁንም ይወርዳል።

ሻርጃ ያለሁት፦
51ን ለእኔ ተዉት። አይዲኤል ደህና ከሆነና ኤርኮንዲሽን ከጠፋ የቀረው የማርሽ ምልክት ነው። የአውቶማቲክ ኢሲዩ ኤንኤስደብልዩ በተባለው እግሩ ማርሹ ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ መሆኑን ይጠብቃል። ያ ገመድ ባንተ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ስለቀረ ኢሲዩው ሁልጊዜ ማርሽ ላይ ነኝ ብሎ ያምናል። ሚኒሞውንም ለዚያ ያዘጋጃል።

ከኢሲዩው የሚወጣውን የኤንኤስደብልዩ ገመድ ሞቶሪኖውን ከሚያዘው ቀጭን ገመድ ጋር አገናኘው። ሞተሩ ሲሠራ በሞቶሪኖው ጥቅል በኩል ግራውንድ ያገኛል፣ ኢሲዩውም ኒውትራል ነው ይላል። በቀጥታ ከገላው ጋር አትሰረው፤ ከሞቶሪኖው መስመር ጋር የተያያዘ ቅርንጫፍ ካለው ስታስነሳ ፊውዝ ትበላለህ።

ሰላም ቴስተር፦
መብራቱን በተመለከተ፣ ቴስተሩን በዝቅተኛ ቮልት አድርግና ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራትና ፋን በርተው ለካ። በመጀመሪያ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ብሎክ፣ ቀጥሎ ከሞተሩ ብሎክ ወደ መኪናው ገላ። ከ0.2 ቮልት በላይ መሆን የለበትም። በመጨረሻም ኢ2 ከገላው ጋር የታሰረበት ቦታ ካለ ፈልግ።

የጉለሌው ኮሮላ፦
ከባትሪ ወደ ብሎክ 0.05። ከብሎክ ወደ ገላ ግን 0.6 ቮልት ነው! በሞተሩና በገላው መካከል የሚታሰረው ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ የለም፣ ሲገጠም ተረስቷል። ሌላም አየሁ፤ መብራትና ፋን በርተው ሳለ የቤንዚን መስጫውን የብረት ገመድ በእጄ ስነካው ሞቋል። ኢ2ን ስከተል ደግሞ ጓንት ማስቀመጫው ኋላ ከሌሎች ጥቁር ገመዶች ጋር ተጠቅልሎ በገላው ብሎን ሥር ገብቷል።

ሰላም ቴስተር፦
አሁን መኪናውን አታስነሳው፣ እለምንሃለሁ። ይህ ከሚኒሞ የከበደ ጉዳይ ነው።

የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ ወደ ዲናሞው ለመመለስ ከገላው ወደ ሞተሩ መሻገር አለበት። ትልቁ ገመድ ስለሌለ የተገኘውን ቀጭን መንገድ ሁሉ ይጠቀማል፤ የቤንዚን መስጫው ገመድ የሞቀው ለዚህ ነው። ኢ2 ደግሞ በኢሲዩው ውስጥ ከኢ1 (ከኢሲዩው ዋና ግራውንድ) ጋር በቀጭን የመዳብ መስመር ይገናኛል። ኢ1 ማኒፎልዱ ላይ ታስሯል፣ ያንተ ኢ2 ገላው ላይ ታስሯል። ስለዚህ የመብራቱ ኤሌክትሪክ በከፊል በኢሲዩው ሰሌዳ ውስጥ እያለፈ ነው። ያ መስመር ለሴንሰር የተሠራ እንጂ ለመብራት አይደለም፤ አንድ ቀን ይቃጠላል፣ ያኔ ባለሙያው «ኢሲዩ ተበላሽቷል» ያለው እውነት ይሆናል። መብራት ሲበራ ሚኒሞ የሚወርደውም የሴንሰሮቹ ሁሉ ዜሮ መነሻ አብሮ ስለሚነቃነቅ ነው።

የሚደረገው ይህ ነው። ኢ2ን ከገላው ፍታ፤ ከኢሲዩው ወጥቶ ሴንሰሮቹ ጋር ብቻ ይድረስ፣ ሌላ ምንም ቦታ አይታሰር። ኢ1 እና ሌላው የኢሲዩ ግራውንድ ኢ01 ማኒፎልዱ ላይ ቀለምና ዝገት በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ በብሎን ይጥበቁ። ከሞተሩ ወደ ገላው አንድ ወፍራም የመዳብ ገመድ፣ ከባትሪ ኔጋቲቭም ወደ ገላው ሌላ አንድ እሰር።

የጉለሌው ኮሮላ፦
ሁሉንም አደረግሁ። ከብሎክ ወደ ገላ አሁን 0.03 ነው። የፊት መብራት፣ ፋንና ኤርኮንዲሽን በአንድነት አበራሁ፤ ዙሩ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ራሱን አነሳ። የኤንኤስደብልዩውም ገመድ ታስሯል። ኮድ ሳነብ መብራቱ ያለማቋረጥ በእኩል ምት ብቻ ብልጭ ይላል። ኢሲዩው ያው የመጀመሪያው ነው። ጋሼ፣ እህቴ ሰላም፣ የሻርጃው ወንድሜ፣ ባለውለታዎቼ ናችሁ።

ዋጎን ያለኝ፦
ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። እኔም 5ኤ-ኤፍኢ ላስገባ እያሰብኩ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር መቀየር ከሥራው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጊዜ ማስተካከያውስ?

የድሮ መካኒክ፦
የሞተሩን ዋጋ ከመክፈልህ በፊት የጉምሩክ ወረቀቱ በእጅህ ይግባ፤ በወረቀቱና በብሎኩ ላይ ያለው ቁጥር በዓይንህ ይመሳሰል። ያለዚያ ቦሎ ስታወጣ ችግር ይገጥምሃል።

ጊዜውን ስታስተካክል ሞተሩ ይሙቅ፣ ቲኢ1 እና ኢ1 ይገናኙ፣ በጊዜ መብራት እያየህ ዲስትሪቢዩተሩን 10 ዲግሪ ላይ አስረው። ምልክቱ ካልረጋ አይዲኤል ዝግ ነኝ አላለም፣ ወደዚያ ተመለስ። ስትጨርስ ማገናኛ ሽቦውን አውጣ።

ለጉለሌው ልጄ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከካርቡሬተር ወደ ኢንጀክሽን ነው የተሻገርከው። ከፓምፑ እስከ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያሉት የጎማ ቱቦዎች አዲስ ናቸው ወይስ የ2ኢው ናቸው?

የጉለሌው ኮሮላ፦
ማጣሪያው አጠገብ ያለው አጭሩ የ2ኢው ነው። አያፈስም።

የድሮ መካኒክ፦
የ2ኢው ፓምፕ ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተሩ ለመግፋት ትንሽ ግፊት ይበቃው ነበር። የ4ኤ-ኤፍኢ መስመር በ3 ባር ገደማ ነው የሚሠራው። ያ ቱቦ ለዚህ አልተሠራም፤ ሲፈነዳ ቤንዚኑ የሚረጨው በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ነው። የኢንጀክሽን ቱቦ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዛ፣ በጥርስ ከሚነክሰው ፋሸታ ይልቅ ዙሪያውን እኩል በሚያጠብቀው እሰረው። መመለሻውም መስመር ወደ ታንከሩ ሳይታጠፍ መድረሱን እይ። ይህ ሳይሠራ መኪናውን ከግቢ አታውጣ።

የጉለሌው ኮሮላ፦
እሺ ጋሼ። ቁልፉን ነቅያለሁ፤ ቱቦውን ገዝቼ እስክቀይረው ድረስ አይነሳም።